ምልክት፦ ባዶ ጀሪካን

ረምዚ ፉርጎ ይሉታል፣ አባቱ የባቡር ሰው፣
ሠርግ ቤት ማይክ ይዞ ሳቅ ነው የሚያፈሰው።
በሙሽራው ይቀልዳል፣ አማቲቱን ያስቃል፣
ስንት እንክፈልህ ሲሉት፣ «አንድ ሳህን ሩዝ ይበቃል»።

አንድ የበርጫ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሰው ሲያንገላታ፣
ምርቃናው ሲያናግር፣ ሁሉ ሹም፣ ሁሉ ጌታ፣
«አቦ፣ ተወዳደራ!» አለ አንዱ ከምንጣፉ፤
ሳቅን፤ ስቀን ፈረምን፤ ሞላ ቅጹ እስከ ጫፉ።
ባለሱቁ ፈረመ፣ ፀጉር ቆራጩ ፈረመ፣
በማግሥቱ ያ ቀልድ በማኅተም ታተመ።

«ምልክትህ ምን ይሁን?» አለችው የቢሮዋ ልጅ፣
«አንበሳው ተይዟል፤ ንስሩም ገብቷል ከሰው እጅ።»
«ባዶ ጀሪካን» አላት። ቀና ብላ አየችው፤
ቤቷ ውሃ የለምና ሳትስቅ መዘገበችው።

ከሳቢያን እስከ ለገሃር በባጃጅ ይዘዋወራል፣
ድምፅ ማጉያው ተሰንጥቆ እንደ ፍየል ይጮሃል።
በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥላል፣
በሶማሊኛ ይስቃል፣ በሐረሪ ይምላል፦
«ደቻቱ ዝም ብሎ በሌሊት እንዳይመጣ፣
አስቀድሞ ያመልክት፣ ከቀበሌ ፈቃድ ያውጣ!
ፀሐይንም እንደ መብራት በፈረቃ አደርጋለሁ፣
ሰኞ ሰኞ ለገንደ ቆሬ ጥላ አከፋፍላለሁ።
ቢሮዬ ወንበር የለውም፣ ምንጣፍ ነው፤ ጫማ አውልቁ፣
ከመረጣችሁኝ ወዲያ የት ገባህ ብላችሁ አትጠይቁ፤
ሁሉም ይዋሻችኋል፣ በኔ ውሸት ግን ሳቁ!»

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ፣
በዚህ ሙቀት ለመሳቅ ብዙ ሰበብ የለኝ።

አሸዋ ገበያ ላይ ሕዝቡ በሳቅ ሲፈርስ፣
አንዲት ሴት ሰው ገፍታ መጣች ባጃጁ ድረስ።
ዘምዘም ሮብሌ ትባላለች፤ ስሟ ውሃ፣ አባቷ ዝናብ፣
ጀሪካኖቿ በደጇ ተደርድረዋል እንደ ካብ።
ከፌስታል ውስጥ አወጣች የሰባት ዓመት ወረቀት፣
ጠርዙ የተበላ፣ ቢጫ የሆነ ከሙቀት፤
«ይታይ» ይላል አንዱ ጥግ፣ «ይቅረብ» ይላል ሌላው፣
ማኅተም ላይ ማኅተም አርፎ የፊተኛውን በላው።
«ልጄ» አለችው፣ «ምልክትህን ግድግዳ ላይ አየሁት፣
የኔን ቤት ሥለህ መስሎኝ ይኸው ላንተ ያዝኩት።
እነዚያ ንስር ናቸው፤ ንስር የኔን ደጅ መች ያውቃል?»
ረምዚ አፉን ከፈተ። ሕዝቡ ሳቅ ይጠብቃል።

ምንም አልወጣም።
ድምፅ ማጉያው ብቻ ሲጥ አለ።

ወረቀቱን አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ከተተው፣
ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳቁ አንድ ነገር ጎደለው።
ማታ ማታ ቤቴ መጥቶ፣ በኔ የተማሪ ደብተር
ከጉድጓዱ እስከ ደጇ ስንለካ የቧንቧ መስመር፣
«አቦ፣ ምን ነካህ?» አሉት የበርጫው ጓደኞቹ፣
«ዘንድሮ ጨው የለህም፤ የት ሄዱ ያ ቀልዶቹ?»

የምርጫው ሌሊት ቆጣሪ እኔ ነበርኩ በጣቢያው፣
የመብራት ፈረቃ ደርሶ በስልክ ብርሃን ነው ሥራው።
ንስር። ንስር። አንበሳ። ንስር። ጀሪካን። ንስር።
ሲነጋጋ አለቀ፤ ንስሩ በረረ በቁጥር።
ለረምዚ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ወጣለት፤
ስንቱ የሳቅ፣ ስንቱ የእውነት፣ ማን ለይቶ ያውቅለት?

አንዷን ወረቀት ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋት፣
ጭረትም፣ የጣት አሻራም፣ አንዳች ምልክት የሌላት፤
በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣
አንድ ሰው ጀሪካኗን ሞልቷታል፣ ከአፏ እኩል።
የምትፈስ ይመስል ቀስ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኳት፣
ደንብ ደንብ ነው፤ «ዋጋ አልባ» ከሚለው ክምር ጨመርኳት።

ረምዚን ባለፈው እሑድ ሳቢያን ሠርግ ላይ አገኘሁት፣
ማይኩን ይዟል እንደ ድሮው፤ «ስንት እንክፈልህ?» ቢሉት
«አንድ ጀሪካን ውሃ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።
የት እንደሚያደርሰው የሚያውቅ፣ ከባጃጁ ነጂ ሌላ፣
እኔ ብቻ ነበርኩ።